የዋንጫ አንገት የሚሰበረው ሞተሩ ሳይነሳ ነው

የወይራ ዋንጫ ነበር። ጽዋው አልቆ ተወልውሏል፤ አንገቱ 8 ሚሊ ሜትር ደርሷል፤ የቀረው እግሩን አስተካክሎ ከቶርኖው፣ እንጨቱን እያዞረ ከሚያስቀርጸው ማሽን፣ መለየት ብቻ ነው። መሮው እንጨቱን ነካ ሲያደርገው ቀጭ አለና ጽዋው ተስፈንጥሮ ሰጋቱራው ውስጥ ተቀበረ።

እንዲህ ሲሆን ጥፋቱን በእጅ ማላከክ ይቀናል። ገፋ አድርጌው ነው፣ መሮው ዶልዱሞ ነው፣ ፍጥነቱ በዝቶ ነው። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ሁለቱን ስባሪዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ግን ምክንያቱ አልዋጥልኝ አለ። መሮው ገና በዚያው ጠዋት ተስሏል። ከእንጨቱ የሚወጣው ፍቅፋቂም እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር። እጅ ከዚህ በላይ ሊለዝብ አይችልም።

ስብራቱ ምን ይላል

ስባሪው አግድም አልተቆረጠም። እንደ ቃጫ ተበጣጥሶም አልተንጨባረረም። እንደ ሸምበቆ ብዕር አፍ ሰያፍ ነው፤ ጣት ሲያልፍበትም ልሙጥ ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የእንጨት ክር የምለው ዛፉ ውኃ ከሥሩ ወደ ቅጠሉ የሚያወጣባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎችና አብረዋቸው የሚሮጡትን ጭረቶች ነው። ክር በርዝመቱ ሲጎትቱት ብርቱ ነው። ክርና ክር የተጣበቁበት ጎን ግን ደካማ ነው፤ ማገዶ የሚፈለጠው በዚህ ድክመት ነው። ክሮቹ ተበጥሰው የተሰበረ እንጨት ጫፉ እንደ ጭራ ይሆናል። ሰያፍና ልሙጥ ሆኖ የተሰበረ እንጨት ግን አንድም ክር አልተበጠሰበትም፤ ክሮቹ እርስ በርስ ተላቀቁ እንጂ። ያ ዋንጫ አልተሰበረም ማለት ይቻላል፤ ተፈለጠ።

ሒሳቡ ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። አንገቱ 90 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ክሩ ከአንገቱ አቅጣጫ 5 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል በ90 ሚሊ ሜትር ውስጥ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ከጽዋው ሥር የተነሳ ክር እግሩ ጋ ሳይደርስ በጎን ወጥቶ ያልቃል። ከላይ እስከ ታች የሚደርስ አንድ ክር የሌለው አንገት ማለት ነው። 5 ዲግሪ ዓይን የማያየው ነው። ወንበር እግር ላይ 5 ዲግሪ ምንም አይደለም፤ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነውና። ዋንጫ አንገት ላይ ግን የሞት ፍርድ ነው። ፍርዱ የተሰጠውም ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቁራጩ በእርሳስ ሲሰመርበት ነው።

ሰያፍ ስብራት አንድ ደግ ነገር አለው፤ ሁለቱም ፊቶች የክር ጎን ስለሆኑ ኮላ አጥብቆ ይይዛቸዋል። ነጭ ኮላ ተቀብቶ በጎማ ክር ተጠፍሮ ቢያድር መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዋንጫ ይሆናል። መሐል ላይ ጉጥ ኖሮበት አግድም የተሰበረ አንገት ግን ለኮላም አይመለስም።

መጋዝ መስመር ይከተላል፣ መጥረቢያ ዛፉን

ቁርጥራጭ ሲባል ሰው ወዲያው ወደ ቤት ዕቃ ሠሪዎች ጓሮ ይሄዳል። እዚያ ያለው ቁራጭ አራት ማዕዘን ነው፣ ፊቱ በፒያላ የተላገ ነው፣ ለዓይን ያማረ ነው። ያ ቅርጽ ግን የመጋዙ እንጂ የዛፉ አይደለም። አናጢው ሳንቃው ላይ መስመር ያሰምራል፣ መጋዙም መስመሩን ይከተላል፤ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ መጋዙ አይጠይቅም። በዚያ ላይ ወደ ጓሮ የሚጣለው ብዙ ጊዜ አናጢው ያልፈለገው ነው፦ ቅርንጫፍ የወጣበት አካባቢ፣ ጉጥ ያለበት፣ የሳንቃው ጠማማ ጫፍ። የምንለቅመው ክሩ የተረበሸውን ክፍል መርጠን ነው ማለት ነው።

ፍልጥ የሚሸጡ ሴቶች ጋ ያለው ወይራ ግን ሌላ ነው። መጥረቢያ ሲያርፍበት እንጨቱ የተከፈተው በራሱ ክር ነው። የፍልጡ ፊት ሻካራና ጠማማ ቢሆንም ከላይ እስከ ታች ያለውን የክር መንገድ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንዱን ፍልጥ አንስታችሁ በርዝመቱ በአንድ ዓይን ስታዩት ፊቱ ቀጥ ካለ ክሩም ቀጥ ያለ ነው፤ የዋንጫ አንገት ይወጣዋል። እንደ ንፋስ መዘውር ክንፍ ከተጠማዘዘ ዛፉ ሲያድግ እየዞረ ነው ያደገው፤ ለዘነዘና ወይም ለትንሽ ሙቀጫ ይሁን። ለጋንና ለቅል ማጠኛ ተብሎ ከሚሸጥ ክምር ውስጥ ለዋንጫ ከሳንቃ የሚሻል እንጨት መኖሩ ለረጅም ጊዜ አልታየኝም ነበር። ወይራ ገዝቶ ማጤስ እንጂ ወይራ ገዝቶ መቅረጽ የለመድነው ነገር አይደለም።

ያም ሆኖ የተላገ ቁራጭ ብቻ ካላችሁ ክሩን ማወቂያ መንገድ አለ። ሳንቃ ፊት ላይ የሚታየው ሰፊ ቀለበት መሰል ስዕል አያታልላችሁ፤ እሱ የዛፉ ዕድገት ንብርብር ነው፣ የክሩ አቅጣጫ ላይሆን ይችላል። በደንብ ለስልሶ በተላገ ፊት ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ቀለም ጣል ብታደርጉ ቀለሙ ክሩን ተከትሎ ይሮጣል። ወይም በመርፌ ጫፍ ሳትጫኑ ጫር አድርጉት፤ መርፌው ራሱ ወደ ክሩ ይገባል። ሲደርቅ የተሰነጠቀ ቁራጭ ከሆነም ስንጥቁ ሁልጊዜ በክሩ ነው የሚሄደው። ይህንን አንድ ፊት ላይ ሳይሆን ተጎራባች በሆኑ ሁለት ፊቶች ላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ባንዱ ቀጥ ብሎ በሌላው የሚያጋድል ክር ብዙ ነው። ከዚያ የዋንጫውን መሐል መስመር ከቁራጩ ጎን ጋር ሳይሆን ከክሩ ጋር አስማምታችሁ ስመሩ። ቁራጩ 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት 7 ሴንቲ ሜትር ዋንጫ ብቻ ቢወጣው ኪሳራ አይደለም።

ስለ እንጨቶቹ ጥቂት። ዋንዛ ለመሮ የዋህ ነው፣ ለሳህንና ለገበቴ ይሆናል፣ ለቀጭን አንገት ግን ክሩ የላላ ነው። ጥቁር እንጨት ጠንካራና ቀላ ያለ ነው፣ ሲደርቅ ግን መሰንጠቅ ይወዳል። ግራቪሊያ በአንድ በኩል ሲላግ እንደ ዳንቴል ያለ ውብ ነቁጥ ያወጣል፤ ብናኙ ቆዳ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ። ባሕር ዛፍ ገና ሲቆረጥ ጀምሮ ውስጡ የተወጠረ ነው፤ ሲጋዝ እንኳ እየተከፈተ ይሄዳል። ብዙ ሰው የማያስበው የቡና ግንድ ነው። ያረጀ ቡና እንዲታደስ ከመሬት 30 እና 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይጎነደላል፤ የሚወገደው ግንድ ነጣ ያለ፣ ክሩ የደቀቀና ጥብቅ ነው። ቀጭን ስለሆነ ዋንጫ ላይወጣው ይችላል፤ ለክዳን እጀታ፣ ለቅመም ማንኪያና ለትንሽ ዘነዘና ግን አቻ የለውም።

ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ መከልከሉን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ የእነዚህን እንጨቶች ያረጀ፣ የደረቀ፣ ቀለሙ የበሰለ ቁራጭ የሚሰጠን የፈረሰ ቤት ነው፦ በር፣ መስኮት፣ ወራጅ። እዚያ ላይ ግን ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። የተቀበረ ምስማር በየፊቱ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል፤ ሁሌ ግን አይታይም፣ በ1,400 ዙር የሚዞር ምስማርም ስለት ብቻ አይደለም የሚጎዳው። የመብራትና የስልክ ምሰሶ ቁራጭ ለወጥ ቤት ዕቃ ፈጽሞ አይነካም፤ እንዳይበሰብስ ክሪዮሶት ወይም መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሰኒክ ያለበት ኬሚካል ይሰጠዋል። ለማገዶም አይሆንም። ስሙን የማታውቁት የዱር እንጨትም እንዲሁ። ምረንዝ የፍላጻ መርዝ የሚቀመምበት ዛፍ ነው፣ ብርብራም ዓሣ የሚደነዝዝበት፤ ቁራጭ ሆነው ሲገኙ ደግሞ ቅጠል የላቸውም።

ሚዛኑ

እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ አይቀንስም ማለት ይቻላል። በውፍረቱ ግን ይቀንሳል፤ ያውም እኩል አይደለም፦ የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚቀንሰው ከመሐል ወደ ቅርፊቱ ከሚቀንሰው እጥፍ ገደማ ነው። ለዚህ ነው እርጥብ ሆኖ ክብ የተሠራ ጽዋ ሲደርቅ ሞላላ የሚሆነው። የዛፉ እምብርት ውስጡ የቀረበት ቁራጭ ደግሞ ዙሪያው ሲጠብ መሐሉ አልጠብም ስለሚል ይሰነጠቃል። ለዋንጫ የሚመረጥ ቁራጭ እምብርት ሊኖርበት አይገባም። ድፍን ቅርንጫፍ ካላችሁ መሐል ለመሐል ፍለጡትና ከግማሹ ሥሩ።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል፤ በቶርኖ ላይ ይህ ግማሽ እውነት ነው። እርጥብ ወይራ በእርግጥ እንደ ቅቤ ይላጋል፣ ፍቅፋቂው እንደ ሪባን ይወጣል፣ ብናኝም የለውም። ስለዚህ ለሳህን የሚሆነውን በእርጥቡ ሻካራ አድርጎ መቅረጽ ጥሩ ነው፤ ግድግዳው ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይተዋል፣ ለ20 ሴንቲ ሜትር ሳህን 2 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የክሩ ጫፍ የሚታይበት ቦታ ሁሉ የቀለጠ ሰም ይቀባና ለወራት ይቀመጣል። ሲደርቅ ይጣመማል፣ የተተወው ውፍረት ግን እንደገና ክብ ለማድረግ ይበቃል። ዋንጫን ግን እንዲህ ማድረግ አይመችም። ዋንጫ ደረቅ ቁራጭ ይፈልጋል።

መድረቁን በዓይን ወይም በድምፅ የሚያውቁ አሉ ይባላል። እኔ የማምነው የወጥ ቤት ሚዛንን ነው። ቁራጩ ሁለት ጫፉ ሰም ተቀብቶ፣ ፀሐይ በማይነካው ነፋሻ ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን ይመዘናል፣ ክብደቱና ቀኑ እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ይጻፋል። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ካልቀነሰ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል። ክረምት ላይ የቆመ ክብደት ግን አይታመንም፤ በጋው ሲገባ እንደገና መቀነስ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው የድሮ ልማድ ለሻጭ እንጂ ለሠሪ አይጠቅምም፣ አንዱ እንጨት በአምስት ወር ሲደርቅ ሌላው ሁለት ዓመት ይፈጅበታል።

ካያያዝ ይቀደዳል

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል። ቁራጩ 7 በ7 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። መጀመሪያ በሁለት ጫፎች መሐል ተወጥሮ ክብ ይደረጋል፤ ከዚያ በአንዱ ጫፍ ባለ አራት ጥርስ ቻክ የሚነክሰው አጭር ጉቶ ይወጣለታል። ጉቶው 7 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ይበቃል። ዋናው ነገር ጫፉ የቻኩን ወለል አለመንካቱ ነው፤ እንጨቱ መደገፍ ያለበት በትከሻው ነው። ጫፉ ወለሉን ከነካ ትከሻው አይቀመጥም፣ ቁራጩም መወላወሉን አይተውም፤ ሰው ደግሞ ጥፋቱን በሞተሩ ያሳብባል።

ቻክ የሌለው በብሎን የሚታሰር የብረት ሰሌዳና የማይፈለግ እንጨት ይጠቀማል። በማይፈለገው እንጨትና በቁራጩ መሐል ቡናማ ወረቀት አድርጎ በኮላ ማጣበቅ የቆየ ብልሃት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ መሮ ወረቀቱ ላይ ገብቶ ቀስ ብሎ ይለያቸዋል። ለዚህ ማስቲሽ አይሆንም፤ ማስቲሽ ሙሉ በሙሉ አይጠነክርም፣ በሙቀትና በውጥረት ይንሸራተታል። ወይራ ደግሞ ቅባት አለው፤ ኮላ ከመቀባቱ በፊት ፊቱ በአልኮል ተጠርጎ ወዲያው መጣበቅ አለበት። ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላው ቶርኖ ላይ አይወጣም።

ስለ ፍጥነት የሚሠራ ቀላል ስሌት አለ፦ የቁራጩ ስፋት በሴንቲ ሜትር ሲባዛ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ከ15,000 እስከ 23,000 ቢሆን ጥሩ ነው። ለ7 ሴንቲ ሜትር ዋንጫ ከ2,100 እስከ 3,300 ይመጣል። ይህ ክብ ለሆነ ነው፤ ገና ማዕዘን ላለው ከ600 እስከ 800 ይበቃል። እዚህ አገር ብዙው ቶርኖ ከአሮጌ ሞተርና ከቺንጋ (ከሞተሩ ዙር የሚያስተላልፍ ቀበቶ) የተሠራ ነው፣ ሞተሩም በደቂቃ 1,400 ገደማ ይዞራል። በሞተሩ ላይ 6፣ በቶርኖው ራስ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ከተደረገ 700 ይሆናል፤ ሁለቱ ቢለዋወጡ 2,800። ሁለት ፑሌጃ ብቻ ያለው ሰው ሻካራውንም ልስላሴውንም በዚህ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ የመብራት መጥፋት ነገር አለ። ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ሰውየው መሮውን ያስቀምጣል፣ ቁራጩን በእጁ እየዳሰሰ ያያል። መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ራሱ ይነሳል። ተራ ማብሪያ የተገጠመለት ቶርኖ ከመሮ ይልቅ በዚህ ያስፈራኛል። መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚለቅና በእጅ ካልተጫኑት የማይነሳ ማብሪያ ማስገጠም ከአዲስ መሮ ይቀድማል። ጓንት አይደረግም፣ ነጠላ አይጣልም፣ ማተብም ከልብስ ሥር ይገባል። ፊት ላይ ግልጽ መከለያ፣ አፍንጫ ላይ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማስክ። የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. ካረጋገጣቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ በነጠላ አፍ መሸፈን አይበቃም።

ወደ ኋላ አለመመለስ

የዋንጫ ሥራ ቅደም ተከተል ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከጽዋው ወደ እግሩ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንጨቱን የያዘው ቻኩ እግሩ በኩል ነው፤ አንገቱ ከቀጠነ በኋላ ጽዋው በቀጭን ዘንግ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው፣ መሮ ሲነካው ይርገበገባል። ስለዚህ አንገቱ ሳይነካ ጽዋው ማለቅ አለበት፤ ተላግቶ ብቻ ሳይሆን ተለስልሶ።

መጀመሪያ በመሐሉ 16 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል። 6 ሴንቲ ሜትር ለሚጠልቅ ጽዋ 5.5 ሴንቲ ሜትር ላይ መሰርሰሪያው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ምልክት ይደረጋል። ዙሩ ወደ 500 ይወርዳል፣ መሰርሰሪያውም ቶሎ ቶሎ ይወጣል፤ ወይራ ከጋለ ሥሩ ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጎድጓዳው መሮ ከቀዳዳው ተነስቶ ወደ ጠርዙ ይጎትታል። ይህ ሳህን የሠራ ሰው እጅ የሚስተው ነው። በሳህን ክሩ አግድም ስለተኛ ውስጡ የሚላገው ከጠርዝ ወደ መሐል ነው። በዋንጫ ክሩ ቆሟል፤ ከጠርዝ ወደ መሐል ከሄዳችሁ እያንዳንዱን ክር ከሥሩ እየነቀላችሁ ነው፣ ውስጡም እንደ በግ ቆዳ ይንጨባረራል። ከመሐል ወደ ጠርዝ ሲኬድ ግን እያንዳንዱ ክር ከኋላው ባለው ተደግፎ ይቆረጣል።

መሮው የሚደገፍበት ማሳረፊያ ከእንጨቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ሲቀጥን እየተከተለ ይጠጋል፣ ሁልጊዜም ሞተሩ ቆሞ። መሮው የተሳለበት ተዳፋት እንጨቱን እየታከከ ካልሄደ አይቆርጥም፣ ይፍቃል። የመሮው ማዕዘን ለአንገት ሥራ 40 ዲግሪ ገደማ፣ ለሳህን 50፣ ለመፋቂያ 75 ቢሆን ይሠራል። ከባሌስትራ፣ ከመኪና ሞላ ብረት፣ የተቀጠቀጠ መሮ ጥሩ ነው። ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ ግን ውስጡ ደረቅ ነው፣ ሲነክሰው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ርካሽነቱ አያታልላችሁ።

ውስጡ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ180፣ በ240፣ በ320 ይለሰልሳል። ወረቀቱ ጣት ካቃጠለ እንጨቱም እየተቃጠለ ነው፤ በክሩ ጫፍ ላይ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች ይወጣሉ፣ የሚታዩትም ዘይት ከተቀባ በኋላ ነው። ጽዋው ሲያልቅ በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ ይገባበትና ከወዲያ በኩል ያለው ሾጣጣ ድጋፍ ለስለስ አድርጎ ይነካዋል። መደገፍ ብቻ ነው። ከጠበቀ አንገቱ ይለመጣል፣ ወይም ጽዋው ይሰነጠቃል። ውጭው ተላግቶ ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ በታች መሄድ እወቁኝ ማለት ነው።

አንገቱ በአንድ ጊዜ አይቀጥንም። ከጽዋው ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህሉ መጨረሻ ውፍረቱ ድረስ ይወርዳል፣ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ቀጣዩ 2 ሴንቲ ሜትር። ያለፉትን ክፍል «ትንሽ ላሳምረው» ብሎ መመለስ ነው ብዙ ዋንጫ የሚጨርሰው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ያላለቀውን ለሚጨርስ ብቻ አይደለም፣ ያለቀውን ለሚነካካም ነው። እግሩ ከጽዋው ስፋት ብዙ ባይጠብ ይሻላል፤ ለ6.5 ሴንቲ ሜትር ጽዋ 5.5 ይበቃል። የእግሩ ሥር በመሐል 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይጎደጉዳል፣ በጠርዙ እንዲቆም። መለያው 1 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ሞተሩ ይጠፋና በደቃቅ መጋዝ ይቆረጣል።

ጠጅ ይቀዳበታል ወይ?

ይህን የማይጠይቅ የለም። ክሩ ቀጥ ብሎ የቆመበት ዋንጫ አንገቱ ብርቱ ነው፤ ግን እነዚያው ቧንቧዎች ከጽዋው ወለል ተነስተው በአንገቱ በኩል ወደ እግሩ ይወርዳሉ። ቀጥ ያለ ክር የፈለግነው ለጥንካሬ ነው፣ እሱኑ ደግሞ መጠጡ እንደ መንገድ ይጠቀምበታል። ጥቅጥቅ ባለው ወይራ ቀስ ይላል፣ በዋንዛ ግን ፈጥኖ እግሩ ሥር እርጥበት ይታያል። ስለዚህ ይህ የማስዋቢያ ዋንጫ ነው ስል ማቃለሌ አይደለም። የግድ ይጠጣበት ከተባለ ውስጡ ሞቅ ተደርጎ የቀለጠ ንጹሕ ሰም ይዞርበታል፣ ትርፉ ይደፋል። ሰም በ62 እና 64 ዲግሪ መካከል ስለሚቀልጥ ሻይና ቡና አይቀዳበትም፤ በሙቅ ውኃ ያጠበውም ሰሙን አጥቧል።

ለሌላው ዕቃ ዘይት ነው። የወይራ ፍሬ ዘይት አይደርቅም፣ ቆይቶ ይሻግታል። የተልባ ዘይት ይደርቃል፤ ከቀለም መደብር «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠው ግን ማድረቂያ ብረታ ብረት ተጨምሮበታልና ምግብ ለሚነካ ዕቃ አይመረጥም። የኑግ ዘይትም በአየር ቀስ በቀስ የሚጠጥር ዓይነት ነው፤ በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተወልውሎ፣ በመካከል ሁለትና ሦስት ቀን እየተተወ ሦስት ጊዜ ቢደገም ያምራል። መጠበቅ የማይወድ ከፋርማሲ ፈሳሽ ፓራፊን ይገዛል፤ አይደርቅም፣ አይሻግትምም። አራት እጅ ዘይት ለአንድ እጅ ሰም በሙቅ ውኃ ላይ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ቅባት ለማንኪያና ለሳህን ጥሩ ነው። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ አይጣልም። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨበጠው ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ፍልጥ ስትመርጡ ለዋንጫ ያልሆነው ሁሉ ወጥ ቤት ይገባል። ጉጥ የሌለው፣ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4.5 ውፍረት ያለው መዳመጫ በቶርኖ ከሚሠሩት ሁሉ የቀለለው ነው፤ ጀማሪ ከዚያ ቢነሳ መልካም ነው። ጠመዝማዛው ወይራ ለነጭ ሽንኩርት ሙቀጫ ይሆናል። ክሩ ቆሞ ወለሉ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢተውለት የዘነዘናውን ምት ይችላል። ትንንሹ ለድስት ክዳን እጀታ ነው። ዘይትም ኮላም ያልነካው የወይራ ፍቅፋቂ ደግሞ ለጋን ማጠኛ ከፍልጡ ፈጥኖ ይያያዛል፤ ጎረቤት የሚፈልገው ከዋንጫው ይልቅ እሱን ነው።

አንገቱ የተሰበረው ጽዋ ሰያፉ ተቆርጦለት ወለሉ ተደላድሎ የጨው ዕቃ ሆኗል። አሁን ተራውን የሚጠብቀው ፍልጥ ነው፣ ከጫፉ እስከ ጫፉ ቀጥ ያለ፣ እምብርት የሌለው። ጥቅምት ላይ 1,412 ግራም ይመዝን ነበር። ያለፉት ሦስት እሑዶች 1,203፣ 1,194፣ 1,187 ተብሎ በእርሳስ ተጽፎበታል። ገና ነው።